የኮልፌው ሠልጣኝ በፕሪቶሪያ ዓይን

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 የተፈረደባቸው አምስት ዓመት እስራት ነበር። ሦስቱ ሠራተኞችን ለአድማ አነሳስተዋል ተብሎ፣ ሁለቱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ወጥተዋል ተብሎ ነው። የወጡት የት ሊሄዱ ነው? አዲስ አበባ ሊመጡ። ታሪክ በማስተምርበት ዘመን ይህችን ነገር ክፍል ውስጥ ጣል ሳደርጋት ከኋላ ወንበር አንዱ ተነስቶ «ቲቸር፣ እንግዲያው እኛ ነን ያሳሰርናቸው!» ይለኛል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ልጁ ከእውነት ብዙም አልራቀም። (የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የቤታችንን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓመታቱ እንዳይምታቱ አንባቢ ልብ ይበል።)

ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ማንዴላ በድብቅ ድንበር ተሻግረው የዛሬዋ ቦትስዋና ገቡ፤ ከዚያ በታንጋኒካ አድርገው ካርቱም ደረሱ። ካርቱም ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ሲሉ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩ። በሕይወት ታሪካቸው እንደጻፉት በዚያች ቅጽበት ልባቸው ድንግጥ አለ፤ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲያበር አይተው አያውቁም። ወዲያው ግን ራሳቸውን ታዘቡ። አፓርታይድን ሊጥል የወጣ ሰው፣ አፓርታይድ ባስተማረው ዓይን ወገኑን ተመለከተ። ገዢ ስለ ተገዢ የሚስለው ሥዕል ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ለማስረዳት ይህን ያህል የሚረዳኝ ታሪክ አላገኘሁም፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስጀምራቸውም ከዚህ ነበር።

አዲስ አበባ የመጡት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ላይ ለመናገር ነበር። ጉባኤውን የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ማንዴላ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያዩ በቁመታቸው ማነስ ተገርመዋል፤ በግርማቸው ደግሞ ይበልጥ ተገርመዋል። ጥቁር ወታደር፣ ጥቁር ጄኔራል፣ ጥቁር የአገር መሪ በአንድ ቦታ ማየትም አዲስ ነገር ሆነባቸው። ከጉባኤው በኋላ ሰሜንና ምዕራብ አፍሪካን ዞሩ፣ ለንደንም ደረሱ። ከዚያ ለስድስት ወር ወታደራዊ ሥልጠና ተመልሰው ወደ እኛ መጡ። የመጡት ደግሞ ኮልፌ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቦታውን የማያውቅ የለም፤ ታክሲ ላይ «ፈጥኖ ደራሽ ወራጅ አለ» ካልክ ይበቃል። ያን ጊዜ ኮልፌ የከተማው ዳርቻ ነበር። ግቢው የፖሊስ ሠራዊት የፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ሠፈር፣ ማለትም ሕዝብ ሲያምፅ የሚበትን ኃይል መኖሪያ ነው። በአገሩ ሕዝብን በማሳመፅ የሚፈለግ ሰው፣ አመፅ በታኞች ዘንድ ትምህርት ሊቀስም መምጣቱ ያኔ ማንንም ያስገረመ አይመስልም። ከቤቴ በላይ የሚኖሩ አንድ የፈጥኖ ደራሽ ጡረተኛ አሉ፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ስለ ማንዴላ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። «እኔ የተቀጠርኩት እሳቸው ከሄዱ ወዲያ ነው። ግን ‹አሠልጥኛቸዋለሁ› የሚለው ሁሉ ቢሰለፍ ሻለቃው ሁለት ሻለቃ በሆነ ነበር» አሉኝ።

ስለ ሥልጠናው ዋናው ምስክር ማንዴላ ራሳቸው ናቸው። ጣሊያንን በአርበኝነት የተዋጉ ወንድሙ በፍቃዱ የተባሉ የመቶ አለቃ ያሠለጥኗቸው ነበር። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያለውን፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት በልምምድ ያሳልፋሉ። አውቶማቲክ ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ መሥራትና ፈንጂ መሸሽ ተማሩ። ከሁሉ የወደዱት ረጅሙን የእግር ጉዞ ነው፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ። በጉዞው ላይ የእንጨት ሞፈርና የቤት ጠላ አዩ፤ የትውልድ መንደራቸው ትዝ አላቸው። ካሠለጠኗቸው መካከል ኮሎኔል ፈቃዱ ዋከኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ለቢቢሲ ሲናገሩ ጠንካራ፣ ትእዛዝ የሚቀበልና የሚወደድ ተማሪ እንደነበሩ መስክረዋል። ሻምበል ጉታ ዲንቃ ደግሞ ማንዴላን እንዲገድሉ ጉቦ ቀርቦላቸው እምቢ ማለታቸውን ለዚያው ጣቢያ ተናግረዋል።

የጦር ሳይንስ የሚያስተምሯቸው ግን ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ ስለ እሳቸው የጻፉት አንድ የራት ጊዜ ታሪክ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስቀኛል። ኮሎኔሉ ስለ ነፃነት ጦር እያስረዱ ነው። የነፃነት ጦር እንደ መደበኛው ጦር አይደለም፣ ከሥራ ውጭ ተራውን ወታደር እኩያህ አድርገህ መያዝ አለብህ፣ የሚበላውን መብላት፣ የሚጠጣውን መጠጣት፤ በግዳጅ ላይ ሲሆን ግን ማዘዝ ነው፣ ይላሉ። ይህን እያሉ አንድ የበታች ሹም ይገባና ስለ አንድ መኮንን ይጠይቃቸዋል። ኮሎኔሉ በንቀት ያዩታል፤ ከትልቅ ሰው ጋር እየተነጋገርኩ፣ እየበላሁ እንዴት ታቋርጠኛለህ፣ ከፊቴ ጥፋ! ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ እኩልነት ያቋረጡትን ትምህርት ቀጠሉ። የንጉሡ ዘመን መኮንን ማለት ይኸው ነው። ሰውየውን ግን አትርሷቸው፤ እመለስባቸዋለሁ።

ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር እንደሆነው ከደቡብ አፍሪካ አስቸኳይ ጥሪ መጣ። ኮሎኔል ታደሰ ለስንብት አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጧቸው። ማንዴላ ወደ አገራቸው በገቡ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1962፣ በናታል ሃዊክ አቅራቢያ የነጭ ጓደኛቸው ሾፌር መስለው ሲጓዙ ተያዙ።

አሁን ወደ ፕሪቶሪያ እንሂድ። የያዟቸው ሰዎች ምን እንደያዙ ነው ያሰቡት?

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1950 የወጣ የፀረ ኮሙኒዝም ሕግ ነበረው። ሕጉ «ኮሙኒስት» የሚለውን ስም እንደ ዓሣ መረብ ዘርግቶታል፤ በረብሻ ለውጥ ለማምጣት የሚያስብ ሁሉ ማርክስን ባያነብም ኮሙኒስት ነው። ከዚያ ጀርባ አንድ እምነት አለ፤ ጥቁር ሰው በራሱ አስቦ፣ አቅዶ፣ ድርጅት ሊያቆም አይችልም፣ የሚዘውረው ሌላ እጅ ሊኖር ይገባል። ሞስኮ፣ ፔኪንግ ወይም ነጭ ኮሙኒስቶች። ስለዚህ በሐምሌ 1963 ፖሊስ ሪቮኒያ የሚገኘውን የሊሊስሊፍ እርሻ ወርሮ የማንዴላን የጉዞ ማስታወሻና የሥልጠና ጽሑፎች ሲያገኝ የጠበቀውን ያገኘ መሰለው። አዲስ አበባ የጻፏት ማስታወሻ ማስረጃ ሆና ፍርድ ቤት ቀረበች። ከቻይናዊው ሊዩ ሻኦቺ ጽሑፍ በእጃቸው የገለበጧቸው ገጾችም ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ ፐርሲ ዩታር ከውጭ የታቀደ የኮሙኒስት ሴራ አድርጎ አቀናበረው። ማንዴላ ግን አልካዱም። በሚያዝያ 1964 በተከሳሽ ሣጥን ቆመው ሥልጠና መውሰዳቸውን፣ ከአፍሪካ መሪዎች ድጋፍ ማግኘታቸውን፣ ከእነዚህም አንዱ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በሰኔ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

ለመንግሥቱ ፍርድ መስጠት ካለብኝ፣ በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ማንዴላ በ2013 ሲያርፉ የደቡብ አፍሪካ ኮሙኒስት ፓርቲ በተያዙ ጊዜ የማዕከላዊ ኮሚቴው አባል እንደነበሩ አስታወቀ። ሥዕሉ የሳተው በፓርቲው ዝርዝር ላይ አይደለም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ሌላ ነው በሚለው ላይ ነው። ሻርፕቪል ላይ በ1960 ፖሊስ 69 ሰው ሲገድል ጥቁሩን ለማስቆጣት ሞስኮ አላስፈለገችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። መንግሥት የማንዴላን ፎቶና ቃል ማተም ከለከለ። አንድ ትውልድ መልካቸውን ሳያውቅ አደገ። በ1976 የፖሊስና የእስር ቤቶች ሚኒስትሩ ጂሚ ክሩገር ሮበን ደሴት ድረስ ሄዶ ትራንስካይ ገብተው እንዲኖሩ፣ የዚያን የይስሙላ መንግሥት እንዲቀበሉ ጠየቃቸው። በክሩገር ዓይን እሳቸው የአንድ ጎሣ ሰው ናቸው፤ ወደ ጎሣቸው ምድር ከተመለሱ ጉዳዩ ያበቃል። ማንዴላ እምቢ አሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ለፍትሕ ሚኒስትሩ ኮቢ ኩትሲ በቀረበ ምሥጢራዊ የወህኒ ቤት ግምገማ ውስጥ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ሰውየው የጥቁሮች ሁሉ ቁጥር አንድ መሪ ለመሆን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አላቸው፣ እስሩም ይህን አልቀነሰውም፣ ይላል። በሬዲዮ «ሽብርተኛ»፣ በፋይል ውስጥ «መሪ»። ገዢዎች አያውቁም የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ያታልለናል። ያውቃሉ። የሚያውቁት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ስጽፍ አየርላንዳዊው ማይክል ኮሊንስ ይመጣብኛል። እንግሊዝ አየርላንድን ትገዛ በነበረበት ዘመን ኮሊንስ በድብቅ የተቋቋመው የአየርላንድ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትርም፣ የታጣቂዎቹ የስለላ ኃላፊም ነበር። ደብሊን ከተማ ውስጥ ልብሱን አሳምሮ በብስክሌት ይዞራል፤ የሚፈልጉት ፖሊሶች መልኩን በቅጡ አያውቁትም፤ ከእነሱው መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ መረጃ የሚያቀብሉት አሉት። ኅዳር 21 ቀን 1920 ጠዋት ሰዎቹ በርካታ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችን በየቤታቸው ገደሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ገብተው ኳስ ሊያይ የመጣ ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ እነ ኮሊንስን የነፍሰ ገዳይ ቡድን ነበር የሚሏቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1921፣ ኮሊንስ ዳውኒንግ ስትሪት ከሎይድ ጆርጅ ፊት ለፊት ለድርድር ተቀመጠ፤ በታኅሣሥ ስምምነት ፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ኮሊንስን በጥይት የገደሉት እንግሊዞች ሳይሆኑ ስምምነቱን የተቃወሙ የአገሩ ልጆች ናቸው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላ አየርላንዳዊም አለ። በ1916ቱ አመፅ እንግሊዞች ሞት ፈርደውባቸው የነበሩት ኤመን ደ ቫሌራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የአገራቸው መሪ ሆነው ጄኔቫ ተገኝተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት ባሉ ሰሞን ደ ቫሌራም ተነስተው ስለ ትናንሽ አገሮች መከዳት ተናገሩ።

ቦኤሮቹስ ቢሆኑ? ከ1899 እስከ 1902 እንግሊዝን በሽምቅ የተዋጉት የአፓርታይድ ገዢዎቹ የአፍሪካነሮች አያቶች ናቸው። ከጎናቸው የአየርላንድ ፈቃደኞች ተሰልፈው ነበር፤ ከመሪዎቹ አንዱ ጆን ማክብራይድ በ1916 በእንግሊዞች ተረሽኗል። ማንዴላ የሽምቅ ውጊያ ለመማር ካነበቧቸው መጻሕፍት አንዱ የቦኤሩ ተዋጊ ዴኒስ ራይትስ የጻፈው ነው። ከጠላታቸው አባት ተማሩ ማለት ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1989 ፕሬዚዳንት ፒተር ቦታ ማንዴላን በድብቅ ለሻይ ሲጠራቸው ያነሱበትም ይህንኑ ነው፤ በ1914 አፍሪካነሮች በመንግሥታቸው ላይ ያመፁትን ጠቅሰው ትግላችን ይመሳሰላል አሉት። ቦታ አልተዋጠለትም፤ ያ የወንድማማች ጠብ ነው፣ የእናንተ ሌላ ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ግን ተጨባበጡ፣ ሻዩንም ቀዳላቸው። ከመግባታቸው በፊት የአገሪቱ የስለላ ኃላፊ ኒል ባርናርድ የማንዴላ የጫማ ማሠሪያ በትክክል አለመታሠሩን አይቶ፣ ተንበርክኮ አሠረላቸው። ለዓመታት ስለ እሳቸው ሪፖርት ሲያነብ የኖረ ሰው!

ውጭ ያሉት ኃያላን ግን ከፕሪቶሪያም ዘግይተዋል። ማርጋሬት ታቸር በ1987 የማንዴላን ድርጅት የሽብርተኛ ድርጅት ብላዋለች። በዚያው ዘመን ደብሊን ውስጥ አንዲት ወጣት የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ የደቡብ አፍሪካ ፍሬ አልሸጥም ብላ ከሥራ ታግዳ፣ እሷና ጓደኞቿ ከ1984 ጀምሮ አድማ ላይ ነበሩ። ታቸር ያላየችውን እነሱ አዩት። አሜሪካ ማንዴላን ከሽብርተኞች መከታተያ ዝርዝሯ ያወጣቻቸው በሐምሌ 2008 ነው፤ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ሥልጣን ለቀው፣ 90ኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ሲሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ያበቃል፤ ኮልፌም «ማንዴላን ያሠለጠንኩ» ብላ ደረቷን ነፍታ ትቀመጣለች። እኔ ግን ከፕሪቶሪያ ይልቅ የሚከነክነኝ አራት ኪሎ ነው። ማንዴላ ኮልፌ ከመምጣታቸው ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ከሽፎ፣ መሪው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቅለዋል። ግርግሩን ካከሸፉት አንዱ፣ ማንዴላም እንደጻፉት፣ ኮሎኔል ታደሰ ናቸው። የሌላ አገር አማፂ በክብር ይሠለጥናል፤ የራስ አማፂ ይሰቀላል። መንግሥት ሁሉ እንዲህ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን አማፂውን ለማየት የሚያስችለው ዓይን ለጎረቤት በርቶ ለቤት ሲጠፋ፣ ከፍርሃት ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

ታደሰ ብሩ ጄኔራል ሆኑ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ይመሩ ነበር። በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቀስ ታሪክ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ጄኔራሉን እንደ ሸዋ አማራ ቆጥረዋቸው፣ ኦሮሞን ማስተማር አያዋጣንም፣ ተጠንቀቅ ብለው መከሯቸው። ሰውየው ኦሮሞ ናቸው። ክሩገር ማንዴላን ከትራንስካይ በቀር ቦታ አላገኘላቸውም፤ አክሊሉ ደግሞ ከፊታቸው የተቀመጠው ማን እንደሆነ አላዩም። ከዚያ ወዲህ ጄኔራሉ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ግንባር ቀደም ሰው ሆኑ። በኅዳር 1959 ዓ.ም. ሲኒማ ኢትዮጵያ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ የማኅበሩ መሪዎች ተያዙ፣ ማኅበሩ ታገደ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ተሰቀለ። በታደሰ ብሩም ላይ ሞት ተፈርዶ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ሥዕል ፕሪቶሪያ ከሣለችው ብዙ አይለይም፤ መንግሥት ሊገለብጥ ያሴረ፣ አገር ሊበትን የተነሳ ከዳተኛ።

ስለ እሳቸው «ጋሼ»ን ጠየቅኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲቆጡ ግቢው ይናወጣል ይባል ነበር፤ ግን የወታደር ደመወዝ ሲዘገይ ራሳቸው ይሄዱ ነበር ይሉናል» አሉኝ። ከዚህ በላይ ለመናገር አልፈለጉም፤ የእሳቸው ትውልድ ስለ ተፈረደበት ሰው ማውራት አልለመደም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ታደሰ ብሩ ከእስር ወጡ። ብዙ አልቆዩም፤ ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሣ ጋር ሸፈቱ፣ ተያዙ፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። ንጉሡ ከዳተኛ ያሏቸውን ሰው ንጉሡን የጣሉትም ከዳተኛ ብለው ነው የገደሏቸው።

ያን ጊዜ ማንዴላ ሮበን ደሴት ላይ በድብቅ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ የጀመሩበት ዘመን ነው። መጽሐፉ በ1994 ታትሞ ሲወጣ ኮሎኔል ታደሰ እዚያ ውስጥ ራት እየበሉ ያስተምራሉ፣ የበታቹን ሹም ይቆጣሉ፣ ሽጉጥና ጥይት ይሸልማሉ፤ ማንዴላም ስለ ስጦታውና ስለ ትምህርቱ ምስጋናቸውን ጽፈዋል። ሽጉጡ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ፈላጊዎች ቆፍረው አላገኙትም።